በአንድ ተራ ሁለት ድግምት

ተራ የሚባለው ነገር እኛ ዘንድ እጅግ የተከበረ ነው። ሁሉም ሰው ተራ እንዲከበር ይፈልጋል፤ አክባሪው ሌላ ሰው እስከሆነ ድረስ። ማለዳ ዓለም ገና የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ ታዘቡ። ከሰልፉ ጭራ ያለው ሁሉ የሕግ ሰው ነው፤ ስለ ሥነ ሥርዓት፣ ስለ ሕሊና፣ ስለ ሠለጠነው ዓለም ሲናገር አፍ ያስከፍታል። ሰልፉ ወደ ፊት በተጠጋ ቁጥር ግን ሕጉ እየሳሳ ይሄዳል፤ የታክሲው በር ላይ የደረሰው ሰውማ ሁለት ዘመዶቹን ከጎን ጠርቶ «አብረን ነን» ይላል። ባንክ መስኮት ላይ «አንድ ጥያቄ ብቻ» ብሎ አንገቱን በትከሻችሁ ላይ የሚያሾልከውን ሰውዬም ታውቁታላችሁ። ስብሰባ ላይ «አንድ አጭር ሐሳብ አለኝ» ብሎ ተነሥቶ፣ ሻዩ መጥቶ፣ ተጠጥቶ፣ ብርጭቆው ተሰብስቦ፣ እሱ ገና መግቢያው ላይ የሚገኘውንም እንዲሁ። እኔም አውቃቸዋለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ እኔው ራሴ ነኝ።

ተክሌ እባላለሁ። ሰበታ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ስለ ተራ ያለኝን እውቀት ግን ከፊዚክስ አላገኘሁትም፤ ከታክሲ ሰልፍም አይደለም። ያገኘሁት ከአስማት ነው። ተነሥታችሁ በሩን ከመዝጋታችሁ በፊት ላስረዳ።

ነገሩ ጨዋታ ነው። አራት ጎልማሶች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ጠረጴዛ ከብበው ይቀመጡና በምናባቸው ሌላ ሰው ይሆናሉ፤ አንዱ ጎራዴ መዛዥ፣ አንዱ አስማተኛ። ዋሻ አለ፣ ወንዝ አለ፣ አውሬ አለ፤ ሁሉም በአፍ ነው። ከሰዎቹ አንዱ ዳኛ ይሆናል። ታሪኩን የሚተርከው፣ አውሬውን የሚያንቀሳቅሰው፣ ሕጉንም የሚተረጉመው እሱ ነው። ተጫዋቹ «ገደሉን ልዝለለው» ሲል ዳኛው «ዳይስ ጣል» ይለዋል፤ ሃያ ፊት ያለው ዳይስ ይጣላል፤ ቁጥሩ ከበዛ ዘለለ፣ ካነሰ ነፍስ ይማር። ዳኛው እኔ ነበርኩ። ነበርኩ የምለው በምክንያት ነው።

ጠረጴዛው የመስፍን ነው። መስፍን ፉሪ ዳገቱ ላይ ቤት ሠርቷል፤ ምድር ቤቱ አልቆ ተገብቶበታል፣ ፎቁ ግን ብረቱን ወደ ሰማይ እንዳቆመ ሦስተኛ ክረምቱን ይዟል። ደግ ሰው ነው፤ ሲስቅ ሆዱ ይንቀጠቀጣል፣ ሲሸነፍ ያኮርፋል። የትምህርት ቤታችን ምክትል ርዕሰ መምህርም ነው። ማን የትኛውን ክፍል፣ በየትኛው ቀን፣ በስንተኛው ክፍለ ጊዜ እንደሚያስተምር የሚደለድለው እሱ ነው። መምህር ያልሆነ አንባቢ ይህ ሥልጣን ትንሽ ይመስለው ይሆናል። መምህር የሆነው ግን አሁን ቀና ብሎ ተቀምጧል።

ገላና ሰበታ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። የተፍኪ ልጅ ነው፤ ዝምተኛ፣ አንዴ ያነበበውን ሕግ የማይረሳ። ሕግ የጣሰን ሰው ኤሌክትሪክ ምን እንደሚያደርገው በዓይኑ ስላየ ይመስለኛል። አራተኛዋ ትርሲት ናት፤ ቡራዩ ፋርማሲ ትሠራለች። ጨዋታውን ያመጣችብን እሷ ናት። የሕጉን መጽሐፍ ከኢንተርኔት አውርዳ፣ ኮፒ ቤት አሳትማ፣ በሽቦ አስጠረዘችው፤ ዳይሶቹን ደግሞ ናይሮቢ ለሥልጠና የሄደች እኅቷ አመጣችላት። ትርሲት ጎራዴ መዛዥ ሆነች። ገላናና መስፍን ሁለቱም አስማተኛ ሆኑ። የመከራችን መጀመሪያ ይህ ነው፤ በአንድ ቤት ሁለት አስማተኛ።

ውጊያ ሲነሣ ሁሉም ነገር በተራ ነው። አንድ ዙር በታሪኩ ውስጥ ስድስት ሰከንድ ይፈጃል፤ በመስፍን ሳሎን ግን አንድ ሰሃን ቆሎ ይጨርሳል። ተራችሁ ሲደርስ አንድ ዋና ድርጊት አላችሁ፤ መምታት፣ በር መስበር፣ ድግምት መድገም። ከዋናው ሌላ አንዲት ፈጣን ድርጊት ትፈቀዳለች፤ አጭር ነገር ከሆነ በእሷ ይከወናል። ከዚያ አበቃ፤ ቀጣዩ ሰው ይገባል። ጎራዴ የያዙ ሰዎች በዚህ ሕግ ሲጣሉ አላየሁም። ጣጣው ያለው አስማተኞቹ ዘንድ ነው። አብዛኛው ድግምት ዋናውን ድርጊት ይበላል፤ ጥቂት አጫጭር ድግምቶች ግን በፈጣኗ ይደገማሉ። ታዲያ ብልህ አስማተኛ ምን ያስባል? አጭሩን በፈጣኗ፣ ረጅሙን በዋናው፤ በአንድ ተራ ሁለት። መጽሐፉን የጻፈው ሰው ይህን ብልጠት ቀድሞ ስላወቀው በሩን ዘግቶበታል፤ በአንድ ተራ አንድ ድግምት፣ ሌላ ወሬ የለም። ድግምት ስሙን ያገኘው ከመድገም ነው፤ በዚህ ጨዋታ ግን አይደገምም።

መስከረም ላይ ይህ ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ በእጄ ሰው ገደለ።

ገላና ዓመት ሙሉ የተጫወተበት ጉታ የሚባል አስማተኛ ነበረው። ለጉታ እናት ፈጥሮለታል፣ የሚፈራውን ነገር ጽፎለታል፣ ግራ እጁን ለምን እንደማይዘረጋ ታሪክ ሠርቶለታል። እኔ ስለ ራሴ ያን ያህል አላውቅም። ጉታ አንድ የረግረግ ድልድይ ላይ አውሬ አፍ ውስጥ ገባ። አውሬው ጠረጴዛው ላይ ድንች ነበር፤ እነ ጉታ የለስላሳ ቆርኪ። አትሳቁ፤ ምናብ ካለ ድንች ያስፈራል። ጉታ የቀሩት ሁለት ድግምቶች ናቸው። አንዷ አጭር ናት፤ «እልም» እንላታለን፤ የደገማት ሰው ካለበት እልም ብሎ ማዶ ይገኛል። ሁለተኛው «ነበልባል» ነው፤ ስሙ ራሱ ይናገራል። ገላና ተራው ሲደርስ በእልም ከመንጋጋው ወጥቶ በነበልባል አውሬውን ሊፈጀው ጠየቀ። እኔም መጽሐፉን ገለጥኩ፣ ጉሮሮዬን ጠረግኩ፣ አንዱን ምረጥ አልኩት።

ሁለቱን መዘነ። በእልም ቢወጣ እሱ ይተርፋል፤ አውሬው ግን ቀጥሎ ትርሲትን ነው የሚበላው። ነበልባልን መረጠ። ዳይሱ ከዳው፤ አውሬው ተለበለበ እንጂ አልሞተም። ጉታ ተዋጠ። ገላና የጉታ ታሪክ ያለበትን ወረቀት አራት ቦታ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው፤ ሕግ ሕግ ነው አለ፤ ቆሎ በላ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አዲስ አስማተኛ ይዞ መጣ፤ የዚህኛው እናት ግን አልተጻፈችም።

ያን ቀን በራሴ በጣም ኮራሁ። ዳኛ ማለት እንዲህ ነው፣ የጓደኛውን ፊት የማያይ፣ እያልኩ ከፉሪ ዓለም ገና ድረስ በእግሬ ወረድኩ።

ጥር ላይ ደግሞ የመስፍን አስማተኛ ተያዘ። ሌላ ረግረግ፣ ሌላ ድንች፤ ይኼኛው እንዲያውም ተለቅ ያለ። መስፍን ሕግ አንባቢ አይደለም፤ በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ያችን መጽሐፍ አንዴም ገልጧት አያውቅም። ተራው ሲደርስ ፊቱ እንደ ሕፃን በርቶ፣ በእልም ልውጣና በነበልባል ልጨርሰው አለ። ገላናና ትርሲት ወደኔ ዞሩ። እንግዲህ አሁን ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረውን ሳልደብቅ መናገር አለብኝ። የሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ድልድል በዐሥር ቀን ውስጥ ይወጣል ተብሏል። የዓርብ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ለፊዚክስ መምህራን ሊሰጥ ነው የሚል ወሬም አለ፤ እዚያ ከሰዓት በኋላ ዳቦ የሚጋግር ቆርቆሮ ክፍል ውስጥ፣ ልባቸው ቅዳሜ ከገባ ተማሪዎች ጋር። እኔ ባለፈው መንፈቅ ዓመት ዓርብ ከሰዓት ነፃ ነበርኩ። ሰው ነፃ ከሰዓትን ከለመደ በኋላ እንደ ርስት ነው የሚያየው።

አፌ «ይቻላል» አለ።

ወዲያው ምክንያቶቹ ተሰለፉ። እልም እኮ አጭር ቃል ናት፤ እግረ መንገድ የምትባል ነገር ናት። መጽሐፉ ኮፒ ነው፤ ያ ገጽ ደግሞ ደብዝዟል። ዳኛ ለታሪኩ ውበት ሲል አንዳንዴ ዓይኑን መጨፈን አለበት። ሰው ለሚፈልገው ነገር ምክንያት አያጣም፤ ፊዚክስ የተማረ ሲሆን ደግሞ ቀመር ይጨምርበታል። ዳይሱ ተጣለ፤ ዐሥራ ዘጠኝ። አውሬው አመድ ሆነ። መስፍን ከወንበሩ ተነሥቶ ባለቤቱን ከጓዳ ጠራት፤ በአንድ ትንፋሽ ሁለት ድግምት እንዴት እንደደገመ አንድም ሳያስቀር ተረከላት። እሷም መልካም ሴት ናትና፣ እሰይ ብላ ሽንኩርቷን ልትከትፍ ተመለሰች።

ገላና ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ። የፋብሪካ ተረኛ ነኝ አለ፤ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ትርሲት ደግሞ ቆሎውን አንድ በአንድ እያነሣች ትበላ ጀመር። ቆሎን በፍሬ የሚበላ ሰው አያድርስ ነው።

እዚህ ላይ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ገላና ጾም ከመግባቱ በፊት ሊያገባ ቀን ቆርጧል፤ ከዚያች ቅዳሜ በኋላ የቀረው ሦስት ሳምንት ነው። አንደኛ ሚዜው መስፍን ነው፤ ሱፉ ተለክቶ፣ ተሰፍቶ ገላና ዘንድ ተቀምጧል። በማግስቱ እሑድ ገላና ለመስፍን የስልክ መልእክት ላከ፤ ሌላ ሚዜ ስለፈለግሁ አትቸገር የሚል። መስፍን ግራ ገባው። ሙሽራይቱን ሳላውቅ ሰድቤያት ይሆን ብሎ ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረና ሰኞ እረፍት ሰዓት ላይ እኔን ጠየቀኝ። ምንም አላውቅም አልኩት። «ይቻላል» ካልኩት በኋላ ይህ ሁለተኛው መሆኑ ነው፤ ውሸት ብቻዋን መኖር አትችልም፣ ጎረቤት ትፈልጋለች።

ወሬው ተፍኪ ደረሰ። የገላና አባት ኦቦ ቶሎሳ ሠርግ ሲደርስ ሚዜ የሚባረረው በሴት ወይም በመሬት ነው ብለው የሚያምኑ ሰው ናቸው፤ በኛ አካባቢ ደግሞ ከሁለቱ መሬቱ ይቀድማል። ልጃቸውን ጠርተው በምን ተጣላችሁ አሉት። ገላና መዋሸት አያውቅም። በድግምት ነው አላቸው። ኦቦ ቶሎሳ ተነሥተው ሽማግሌ ጠሩ።

በሳምንቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ ለሽምግልናው ኦቦ ቶሎሳ ግቢ ተሰበሰብን። የሠርጉ ድንኳን ብረት በሣሩ ላይ ተጋድሟል፤ ፕላስቲክ ወንበሮቹ አጥሩ ጥግ ተነባብረው ቆመዋል። ሽማግሌዎቹ ሁለት ናቸው። ኦቦ ደበላ ዕድሜያቸውን በሙሉ የወሰን ጠብ ሲያበርዱ የኖሩ ረጅም ሰው ናቸው፤ ሲያዳምጡ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ያደርጋሉ። ጋሽ ዳና ደግሞ በግንበኝነት ሥራ ከወላይታ መጥተው እዚያው የቀሩ ጎረቤት ናቸው፤ ጴንጤ ናቸው፣ ቀጥተኛ ሰው። ሰላምታው ረጅም ነበር፤ አካም ጅርቱ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ሰብሉ። ከዚያ ጋሽ ዳና ወደ ጉዳዩ ለመግባት ቸኮሉና፣ ድግምቱ የተደገመው ማን ላይ ነው ሲሉ ጠየቁ።

ድንች ላይ ነው አለች ትርሲት። ከዚያ በእርጋታ፣ ለሕመምተኛ መድኃኒት አወሳሰድ እንደምትነግረው ሁሉ፣ ጨዋታውን አስረዳች። ጋሽ ዳና ሦስት ነገር ጠየቁ፤ ቃሉ ይሠራል ብሎ የሚያምን ሰው መካከላችሁ አለ? የለም። የታመመ ሰው አለ? የለም። ድንቹስ ምን ሆነ? ድንቹ በማግስቱ በወጥ መበላቱን መስፍን መሰከረ። ጋሽ ዳና ይህስ የኔ ጉዳይ አይደለም ብለው ወደ ኋላ ደገፍ አሉ። እኔ ግን ልቤ ወረደ፤ ጉዳዩ ሰይጣን ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ ወደሱ ይሄድልኝ ነበር።

ኦቦ ደበላ ሰይጣን አላሳሰባቸውም። ሕጉን ማወቅ ፈለጉ። ትርሲት ቆርኪዎቹን አንድ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ደርድራ ተራ ምን እንደሆነ፣ ዋናው ድርጊት ምን እንደሆነ፣ ፈጣኗ ምን እንደሆነች አሳየቻቸው። መስፍን በዓመት ከመንፈቅ ያልገባው ነገር ለሳቸው ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ይህማ እኛም ዘንድ አለ አሉ። ሽምግልና ላይ የተነሣ ሰው አንድ ነገር ተናግሮ ይቀመጣል፤ በአንድ አነሣሥ አቤቱታውንም መሐላውንም ልጨርስ ካለ ሌላው መቼ ይናገራል? ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

«መምህር፣ የገላና አስማተኛ በተራው ስንት ተፈቀደለት?»

«አንድ ነው፣ ኦቦ።»

«የመስፍንስ?»

«ሁለት።»

«በመካከሉ ሕጉ ተለውጧል?»

«አልተለወጠም።»

«ገላና ምንህ ነው?»

«ጓደኛዬ ነው።»

«መስፍንስ?»

«ጓደኛዬ።»

ኦቦ ደበላ ሁለቱን ቆርኪዎች አንሥተው መዳፋቸው ላይ አዩዋቸው። አንድ ዓይነት ናቸው፤ ከአንድ ሣጥን የወጡ። «እንግዲህ ሁለቱም ጓደኛህ ከሆኑ» አሉ ቀስ ብለው፣ «የአንደኛው ድግምት ሁለት የሆነው በሌላ ነገር ነው። መስፍን ሌላ ምንህ ነው? ዱጋውን ተናገር፤ እውነቱን።»

ብዙ መልስ ነበረኝ። ጎረቤቴ ማለት ይቻላል፤ ከፉሪ ዓለም ገና ሩቅ አይደለም። የጨዋታው አስተናጋጅ ማለት ይቻላል። ትርሲት እያየችኝ ነው። ጋሽ ዳናም ከደገፉበት ቀና ብለዋል።

«አለቃዬ ነው» አልኩ።

የተቆጣኝ ሰው የለም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። መስፍን ቀስ ብሎ ወደኔ ዞረና ድልድሉን ብለህ ነው አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ፊቱ ላይ ንዴት ፈለግሁ፤ አጣሁ። የጨዋታ ድሎቹን የኋሊት የሚቆጥር ሰው ፊት ነው ያየሁት። የዋሻው በርስ አለኝ። ያ ወንዙን የተሻገርኩበትስ? ሽፍቶቹን ያስታረቅሁ ጊዜስ? ወንዙ የራስህ ዳይስ ነው፣ እመነኝ አልኩት፤ እውነቴን ነበር። የዋሻውን በር አላስታውስም አልኩ። አስታውሳለሁ። አለቃነት ክፉ ጎኑ ይኼ ነው፤ ቀልድህ ሁሉ ያስቃል፣ ሐሳብህ ሁሉ ይጸድቃል፣ ነገር ግን ከመካከሉ በራስህ ጉልበት ያሸነፍከው የቱን እንደሆነ አታውቅም። እኛ ከበታች ያለነው ደግሞ በዚህ እንስቅ ይሆናል እንጂ፣ ከሰውዬው ደስታ ላይ እየሰረቅን መሆኑ አይታየንም። መስፍን ያችን ሁለት ድግምት ለሚስቱ ሲተርክላት እኔ እዚያው ነበርኩ።

ኦቦ ደበላ ገላናን ምን ትፈልጋለህ አሉት፤ የሞተው ሰውህ ይነሣ? ገላና ከመጣን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፈተ።

«ጉታ ይሙት። እሱ የሞተው በሕግ ነው። እኔን የከፋኝ እሱን የገደለው ሕግ መስፍን ዘንድ ሲደርስ መተኛቱ ነው። መስፍን ደግሞ መስከረም ላይ አጠገቤ ተቀምጦ አይቷል። ጉታ እንዴት እንደሞተ እንኳ አያስታውስም።»

መስፍን አንገቱን ደፋ። እውነትም አላስታወሰም ነበር።

ሽማግሌዎቹ ወደ አጥሩ ፈቀቅ ብለው በኦሮምኛ ተነጋገሩ፤ ጋሽ ዳና ኦሮምኛውን ከኔ አሥር እጅ ይችሉታል። ተመልሰው ፍርዱን ሰጡ። የለመነ ሰው ሌባ አይደለም፤ ጥፋቱ የማይገባውን የሰጠው ነው። ስለዚህ መስፍን ከባድ ዕዳ የለበትም፤ ነገር ግን ያችን ተራውን እዚሁ፣ ሰው ፊት፣ በአንድ ድግምት ብቻ ድጋሚ ይጫወታታል። የጉታን አሟሟት ደግሞ ከገላና አፍ ቁጭ ብሎ ይሰማል። እኔ ሁለቱንም ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ከዳኝነት ወንበር እወርዳለሁ፤ ካሣዬም የሠርጉን ድንኳን ብረት ከጎረምሶቹ ጋር ተሸክሜ ማቆም ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ። እኔ የበላሁት ምን እንደሆነ እስካሁን እየፈለግሁ ነው፤ ድልድሉ ገና አልወጣም ነበር።

ድንች ስለጠፋ ኦቦ ቶሎሳ ከጓዳ አንድ ራስ ሽንኩርት አመጡ። ትርሲት በዳኝነት ተቀመጠች፤ መስፍንን አንድ ድግምት አለችው። መስፍን ቆርኪዎቹን ተራ በተራ አያቸው። በእልም ቢወጣ ይተርፋል፤ አውሬው ግን የገላና አዲሱ አስማተኛ አጠገብ ነው። የራሱን ቆርኪ አነሣ፤ መልሶ አስቀመጠው። ከአንድ ሰዓት በፊት ስለዚህ ጨዋታ ሰምተው የማያውቁት ኦቦ ደበላ ከወንበራቸው ወደ ፊት ተጠግተዋል። መስፍን ነበልባል አለና ጣለ። ዳይሱ ከወንበሩ ወርዶ ሣሩ ውስጥ ገባ። ጋሽ ዳና ጎንበስ ብለው ፈለጉት፤ መነጽራቸውን አውጥተው አነበቡ። ሁለት ነው አሉ፤ ደህና ነው?

ደህና አልነበረም። የመስፍን አስማተኛ ተዋጠ። ጋሽ ዳና ከንፈራቸውን መጠጡ። ገላና ግን መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ቀጥሎ በሙሉ ሆዱ ሳቀ፤ ለአምስት ወር ያጠራቀመው ሳቅ ነው የሚመስለው። ተነሥቶ መስፍንን በትከሻው ያዘውና ሱፉን አልመለስኩትም አለው።

ሠርጉ ባማረ ሁኔታ አለፈ። መስፍን ሚዜ ሆኖ መጥፎ ጨፈረ፤ እኔ ያቆምኩት ድንኳን ወደ ግራ ትንሽ አዘነበለ እንጂ ማንንም አልጎዳም። ድልድሉ የወጣው ከሽምግልናው ማግስት ነው። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ስሜን ፈለግሁ፤ ዓርብ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ፣ ቆርቆሮው ክፍል። ሐሙስም ጨምሮ። ደሜ ፈላ። ቂሙን ተወጣብኝ፣ ሽማግሌ ፊት ታርቆ በጓሮ ወጋኝ እያልኩ ወደ ቢሮው መሄድ ጀመርኩ፤ ግማሽ መንገድ ላይ አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ተመለስኩና የሌሎቹንም ስም አነበብኩ። ፊዚክስ የምናስተምር ሦስት ነን። ሦስታችንም ሁለት ሁለት ደርሶናል። አድልዎ የለመደ ሰው ፍትሕ ሲመጣበት ቂም ይመስለዋል፤ ይህን ማንም አልነገረኝም፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ነው የተማርኩት። ቢሮው ድረስ ግን አልሄድኩም።

አሁን ዳኛችን ትርሲት ናት። እኔ አስማተኛ ነኝ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ እናትና አባት ጽፌለታለሁ። ባለፈው ቅዳሜ እኔና መስፍን በአንድ ዙር ሁለት የተለያዩ መንጋጋዎች ውስጥ ገባን። ተራዬ ሲደርስ፣ በእልም ልውጣና በነበልባል ልርዳው ብዬ አፌን ስከፍት ትርሲት ከመጽሐፉ ቀና እንኳ ሳትል አንድ አለችኝ። ነበልባሉን ጣልኩ፤ ስንት እንደወጣልኝ አትጠይቁኝ። ቀጥሎ ተራው የገላና ነበር። አንዳችንን ሊያወጣ የሚችል አንድ ድግምት ቀርታዋለች። እኔን አየኝ፤ መስፍንን አየው። በሷ ሚዜውን አወጣ።

ሕጋዊ ነው። መጽሐፉን ተቀብዬ ገልጬ አይቻለሁ።